ትልቅ የሕይወት ለውጥን በበዓል ደብዳቤ ማሳወቅ፦ ስድስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ደብዳቤው ግማሽ ደርሷል። «እንኳን አደረሳችሁ» ከላይ ተጽፏል። ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደገቡ ተነግሯል። ቤት መቀየራችሁም አለ። እዚህ ላይ እጃችሁ ይቆማል። ያ ነገርስ? ፍቺው? ሕመሙ? ከሥራ መውጣቱ? ሳይታሰብ የመጣው እርግዝና? ይጻፍ ወይስ ይቅር?

ብዙ ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ይመስለዋል፤ መጻፍ ወይም መተው። በመሃል ግን ሌሎች መንገዶች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻሉትም እነሱ ናቸው። ስድስቱን አንድ በአንድ እናያለን። አስቀድመን ግን መመዘኛውን እናስቀምጥ። ያለ መመዘኛ ከሄድን የምንመርጠው ለእኛ የቀለለንን ነው፤ ለእኛ የቀለለን ደግሞ ለሚሰማው ሰው ላይቀል ይችላል።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ትዳሬ ሲፈርስ ለዘመድ ወዳጁ ሁሉ በላክሁት የበዓል ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። «በዚህ ዓመት እኔና ባለቤቴ ተለያይተናል፤ ሁለታችንም ደህና ነን» የምትል። አጭር ነች፣ ጨዋ ነች፤ ጥሩ የጻፍኩ መሰለኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ ዓይኗ ስለደከመ ደብዳቤ የሚያነብላት የልጅ ልጇ ነው። ልጁ እንግዳ በተሰበሰበበት ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። እዚያች መስመር ላይ ሲደርስም አላቆመም፤ ምን እንደሆነ አልገባውማ። ማታ ደወለችልኝ። አልተቆጣችም። «ልጄ፣ ይኼን ከወረቀት ልስማው?» ብቻ አለች። ከዚያ ዝም አለች። ያቺን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

## ነገሩ ለምን ይከብዳል?

እ.ኤ.አ. በ1967 ቶማስ ሆልምስና ሪቻርድ ሬሂ የተባሉ ሁለት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች 43 የሕይወት ክስተቶችን ደረደሩ። ለእያንዳንዱም ሰው ራሱን ከለውጡ ጋር ለማላመድ ምን ያህል እንደሚደክም የሚያሳይ ነጥብ ሰጡ። የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ነጥብ ይዞ አንደኛ ነው። ፍቺ 73፣ ጋብቻ 50፣ ከሥራ መባረር 47፣ ጡረታ 45፣ እርግዝና 40። ቤት መቀየር 20 ነው። የገና በዓል ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ 12 ነጥብ ይዟል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ጋብቻ ከሥራ መባረር በላይ ተቀምጧል። ደስታም ይከብዳል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ለመልካም ዜናም ይሠራል። ሌላው፣ ባለ 73ቱን ነገር ባለ 12ቱ ቀን ላይ ስንደርበው ሸክሙን የሚቀበለው አንባቢው ነው። እኛ ከነገሩ ጋር ወራት ኖረናል። እሱ ገና አሁን ነው የሚሰማው፤ ያውም ልጆች እየጮሁ፣ እንግዳ እየገባ።

## በምን እንመዝን?

ማን ቀድሞ መስማት አለበት? ከሁሉም መመዘኛ ይኼ ይበልጥብኛል። ሱዛን ሲልክ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባሪ ጎልድማን ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ቀላል ሥዕል አስተዋውቃለች። ነገሩ የደረሰበትን ሰው መሃል ላይ ታስቀምጣላችሁ። ዙሪያውን ክብ ትሠራላችሁ፤ የመጀመሪያው ክብ ውስጥ በጣም ቅርብ የሆኑት ይገባሉ፣ ቀጥሎ ሌላ ክብ፣ ቀጥሎ ሌላ። እነሱ የተጠቀሙበት ማጽናናት ወደ ውስጥ፣ ማማረር ደግሞ ወደ ውጭ መሄድ እንዳለበት ለማሳየት ነው። እኔ ለወሬ ቅደም ተከተልም እጠቀምበታለሁ። ወሬ ከመሃል ተነስቶ ወደ ውጭ ይሂድ። ሦስተኛው ክብ ያለ ጓደኛ ከአንደኛው ክብ እህት በፊት ከሰማ፣ እህትየው የምትጎዳው በወሬው ብቻ አይደለም፤ በቅደም ተከተሉም ነው።

ክቡን ለመሥራት ከከበዳችሁ አንድ ጥያቄ ይበቃል። ይህን ሲሰማ የሚያለቅስ ማነው? ያ ሰው ከወረቀት አይስማው።

የወሬው ባለቤት ማነው? ፍቺ ሁለት ባለቤት አለው። የትልቅ ልጃችሁ ሕመም የልጃችሁ ነው። የምራታችሁ እርግዝና የእሷ ነው፤ አያት መሆናችሁ የፈለገውን ያህል ቢያስደስታችሁም። ወንድሜ በጠና የታመመ ጊዜ ደብዳቤው ላይ ልጥቀሰው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «መታመሜን ጻፊ፤ የበሽታዬን ስም ግን ተዪው» አለኝ። እኔ ብቻዬን ብወስን ኖሮ ወይ ሁሉንም እጽፍ ነበር፣ ወይ ሁሉንም እተው ነበር። እሱ የፈለገው መሃሉን ነበር። ሳይጠየቅ ማን ያውቅለታል?

ልጆችም ይቆጠራሉ። ማንበብ የሚችል ልጅ ስለ ወላጆቹ ፍቺ የተጻፈውን አንድ ቀን ማግኘቱ አይቀርም። እሱ ሲያነበው የማታፍሩበትን ብቻ ጻፉ።

ነገሩ ለይቶለታል? «ልንፋታ ነው መሰለኝ» እና «ተፋተናል» አንድ አይደሉም። ውጤቱ ያልወጣ ምርመራ፣ ያልተፈረመ የሥራ ውል፣ ገና ያልተቆረጠ ጉዞ ደብዳቤ ውስጥ ሲገባ ወደ ኋላ መመለስ ያስቸግራል። ሐሳባችሁን ብትቀይሩ እንኳ ለሁሉም እንደገና ማስረዳት ሊኖርባችሁ ነው።

ከተነበበ በኋላ ምን ይመጣል? ደብዳቤው ለ50 ቤት ከሄደ የጥያቄው ጎርፍ የሚመጣውም ከ50 ቤት ነው፤ ያውም በበዓሉ ሳምንት። ያን የመመለስ አቅም አላችሁ?

ጽሑፉ የት ይደርሳል? ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። የስልክ መልእክት በደቂቃ ፎርዋርድ ይደረጋል። የጤናና የሥራ ጉዳይ አሠሪ ወይም ወደፊት የሚቀጥራችሁ ሰው ጋ ቢደርስ ምን እንደሚመጣ አስቡት።

ጊዜ፣ ገንዘብና አቅም። ደብዳቤ ማባዛት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ስልክ መደወል ጊዜ ይጠይቃል። የሚረሳው ሦስተኛው ነው። አንድን ከባድ ነገር አሥር ጊዜ ደጋግሞ መናገር ልብን ያደክማል። ሐዘን ላይ ወይም ሕክምና ላይ ያለ ሰው ይህን ወጪ ከገንዘቡ ቀድሞ ማስላት አለበት።

## ስድስቱ መንገዶች

### 1. ሙሉ ታሪኩን ደብዳቤው ውስጥ መጻፍ

ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይሰማል። ወሬው ከአፍ አፍ ሲሄድ አይጣመምም። ጥቅሙ ይኼ ነው፣ ትልቅ ጥቅምም ነው። ያለቀ ነገር ሲሆን በጣም ይሠራል፤ ለምሳሌ ሕክምናው ተጠናቆ ሰውየው ሲድን፣ ወይም ሁሉም የሰሙት ሐዘን ኖሮ ስለ ሟቹ ጥቂት ማለት ስትፈልጉ።

በፍቺ ላይ ግን አልመክርም። ፍቺን በሦስት አንቀጽ ማስረዳት ሳይታወቅ ክስ ይሆናል። ምንም ያህል ብትጠነቀቁ አንባቢው በመስመሮቹ መሃል ጥፋተኛውን ይፈልጋል። ሌላኛው ወገን ደግሞ በዚያ ደብዳቤ ላይ መልስ መስጫ ቦታ የለውም።

### 2. በአንድ ወይም በሁለት መስመር መጥቀስ

በብዛት የሚመረጠው ይህ ነው። ለሩቅ ዘመድ፣ ለቀድሞ ጎረቤት፣ ለድሮ የሥራ ባልደረባ በቂ ነው። እኔም የተሳሳትኩት መስመሯን በመጻፌ አልነበረም። ለአክስቴም በዚያችው መስመር ስለነገርኳት ነው።

መስመሯ ጥሩ የምትሆነው ሦስት ነገር ስትይዝ ነው፤ ምን እንደሆነ፣ አሁን እንዴት እንዳላችሁ፣ ከአንባቢው ምን እንደምትፈልጉ። ሦስተኛውን አብዛኛው ሰው ይዘለዋል። አንባቢው ግን የሚጨነቀው በእሱ ነው። ልደውል? ዝም ልበል? እንኳን ደስ አላችሁ ይባላል ወይስ አይዟችሁ?

ይህን ተመልከቱ፦ «ዓመቱ በብዙ መልኩ ፈታኝ ነበር። በቤታችን ትልቅ ለውጥ ሆኗል፤ ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ።» ይህ ሰውን ከማስደንገጥ በቀር ምንም አይነግርም። ያነበበው ሁሉ ስልክ ያነሳል። አሁን ደግሞ ይህን፦ «በዓመቱ መጀመሪያ ላይ እኔና ባለቤቴ ተፋተናል። ልጆቹ ከሁለታችንም ጋር ናቸው፤ ደህና ናቸው። ስለዚህ ጉዳይ ማውራት ለጊዜው ይከብደኛል፤ ሰላምታችሁን ብትልኩልኝ ግን ደስ ይለኛል።» አንባቢው ሁሉን ነገር አወቀ ማለት አይደለም። ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አወቀ።

ለሥራ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ከሥራዬ ወጥቻለሁ፤ አዲስ እየፈለግሁ ነው። የሒሳብ ባለሙያ የሚፈልግ ካወቃችሁ ጠቁሙኝ።» ለሕመም፦ «ካንሰር እንዳለብኝ ታውቆ ሕክምና ጀምሬያለሁ። ሐኪሞቼን እየሰማሁ ስለሆነ የመድኃኒት ምክር ባትልኩልኝ ደስ ይለኛል። ሰላምታችሁ ይበቃኛል።» ይህቺ ስለ መድኃኒት ምክር የገባችው መስመር ስንት የስልክ ጥሪ እንደምታስቀር የታመመ ሰው ያውቃታል።

ቦታዋም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ላይ ካስገባችኋት የቀረውን ደብዳቤ ማንም ልብ ብሎ አያነበውም። መጨረሻ ላይ ካደረጋችኋት፣ እኔ እንዳደረግሁት፣ ሰው እየሳቀ መጥቶ ይወድቅባታል። መሃል ላይ፣ ለብቻዋ አንቀጽ ሰጥታችሁ አስቀምጧት። ከእሷ ቀጥሎ ስለ ውሻችሁ አትጻፉ።

### 3. ለሁሉም አንድ ደብዳቤ፣ ለቅርብ ሰዎች በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ

የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ የገና ካርድ እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ታተመ። ያሳተመው ሄንሪ ኮል ነው፤ ለሚደርሰው ደብዳቤ ሁሉ መልስ ለመስጠት ጊዜ ያጠረው ሰው። ሥዕሉን የሠራለት ጆን ካልኮት ሆርስሊ ነበር። አንድ ሺህ ያህል ታትሞ አንዱ በአንድ ሺሊንግ ተሸጠ። መልካም ምኞቱ በሕትመት ተቀምጧል። የተቀባዩና የላኪው ስም ቦታ ግን ክፍት ነበር፤ በእጅ የሚሞላ።

ነገሩ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ክፍል ነበረው ማለት ነው። ለሁሉም የሚሆነው ታትሟል፤ ለአንዱ ሰው የሚሆነው በእጅ ይጻፋል። ይህ ሦስተኛው መንገድ ያንኑ መመለስ ነው። ጠቅላላው ደብዳቤ ቀላል ዜናውን ይይዛል፤ ከፈለጋችሁ ያቺን አንድ መስመርም ይያዝ። ለስምንት ወይም ለአሥር ሰው ደግሞ ብጣሽ ወረቀት ላይ በእጃችሁ ጻፉ። አራት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ሰው የእጅ ጽሑፋችሁን ሲያይ ለእሱ ብላችሁ እንደተቀመጣችሁ ያውቃል።

ድካሙ አንድ ማታ ነው፤ የገንዘብ ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ጉድለቱ፣ የትኛው ፖስታ ውስጥ የትኛው እንደገባ መቀላቀል ይመጣል። ማስታወሻውን እንደጻፋችሁ ወዲያው በስም ፖስታው ውስጥ ክተቱት። በኋላ እሠራዋለሁ አትበሉ። ሌላው ጉድለት ደግሞ የአክስቴ ዓይነት አንባቢ ጋ ማስታወሻውም በሰው አፍ መነበቡ ነው።

### 4. መጀመሪያ ስልክ፣ ከዚያ ደብዳቤ

ለመጀመሪያው ክብ ሰዎች ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም። ድምፅ ይሰማል። ሰውየው መጠየቅ ይችላል፤ ማልቀስ ይችላል። ደብዳቤው ሲደርሰው ያወቀውን ያነባል፤ ድንጋጤ የለም። እንግዳ ፊት ቢነበብም ችግር የለውም።

አነጋገሩ ላይ ከሐኪሞች የምንማረው አለ። ካንሰርን ለመሰለ ከባድ ዜና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ «ስፓይክስ» የሚባል ባለ ስድስት ደረጃ አካሄድ አላቸው። ከእሱ ለስልክ የሚጠቅሙትን ልንገራችሁ። ቦታውን ማመቻቸት፤ ሰውየው ብቻውን ነው? ተቀምጧል? መንገድ ላይ ነው? ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ፤ «የምነግርህ ነገር ጥሩ አይደለም» ብሎ ለአፍታ መቆየት። ያቺ አፍታ ሰው ራሱን እንዲያዘጋጅ ታግዘዋለች። ከዚያ ዋናውን ነገር በግልጽ ቃል መናገርና ዝም ማለት። «ትንሽ አልተግባባንም» ሳይሆን «ተፋተናል»። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የሰሚው ነው።

ወንድሜ ሲታመም ወረቀት ላይ የዘጠኝ ሰው ስም ጻፍኩ። አክስቴን አንደኛ አደረግኋት። «እትዬ፣ ተቀምጠሽ ነው?» አልኳት። «ምነው?» አለች፤ ወንበር ሲሳብ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። «ጥሩ ወሬ አይደለም። ወንድሜ ታሟል፣ ሆስፒታል ነው።» ከዚያ ዝም አልኩ። መናገር አማረኝ፣ ማለሳለስ አማረኝ፤ ግን ዝም አልኩ። አለቀሰች። ቀጥላ መጠየቅ ጀመረች። ዘጠኙን ለመጨረስ ሦስት ማታ ፈጀብኝ፤ በአንድ ማታ ከሦስት ሰው በላይ አልቻልኩም። እናንተም በአንድ ቀን ልጨርስ ብላችሁ ራሳችሁን አትጉዱ። ከሦስቱ ማታ በኋላ ደብዳቤውን ለመጻፍ አሥር ደቂቃ አልወሰደብኝም።

### 5. ከደብዳቤው ማስቀረትና በራሱ ጊዜ መናገር

ይህ መደበቅ አይደለም። ያልለየለት ነገር፣ ባለቤቱ ያልፈቀደው ነገር፣ እናንተ ራሳችሁ ገና ስሙን መጥራት ያልቻላችሁት ነገር መቆየት ይችላል። እርግዝናን ብዙዎች ከመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት በኋላ የሚናገሩት በምክንያት ነው፤ አብዛኛው የፅንስ መጨናገፍ የሚደርሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው።

መስመሩ ያለው ዝም በማለትና በመዋሸት መሃል ነው። ስለ ትዳራችሁ ምንም ሳትሉ ስለ ልጆቻችሁ መጻፍ ዝም ማለት ነው። ከተፋታችሁ በኋላ በሁለታችሁም ስም ፈርማችሁ የአምናውን የቤተሰብ ፎቶ ማያያዝ ግን ሰውን ማሳሳት ነው። እውነቱ ሲወጣ ሰው የሚያስታውሰው ያንን ፎቶ ነው።

ምንም ደብዳቤ አለመላክም ይቻላል። በዚህ ዓመት አልቻልኩም ማለት ነውር የለውም።

### 6. በሌላ ሰው በኩል ማሳወቅ

አቅም ለሌለው ሰው ብቻ። አንድ የምታምኑት ሰው ምረጡ፤ ምን እንደሚል፣ ለማን እንደሚል፣ ምን እንደማይል ቃል በቃል ስጡት። «ለሚመለከታቸው ንገርልኝ» ካላችሁት የሚመለከተው ማን እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። አደራ የሰጣችሁት ሰው ሁሉንም እንዳዳረሰ ከነገራችሁ በኋላ ደብዳቤው ይላክ።

የሞት ወሬ ግን ላልሰማ የቅርብ ሰው በበዓል ደብዳቤ አይነገርም። እሱ መርዶ ነው። ወይ በአካል፣ ወይ ቢያንስ በድምፅ ይሁን።

## በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| መንገድ | ለቅርብ ሰው | ለሩቅ ሰው | የሚያስከትለው ጥያቄ | ድካምና ወጪ | የሚሻለው ለምን ዓይነት ለውጥ |
|---|---|---|---|---|---|
| 1. ሙሉ ታሪክ በደብዳቤ | ደካማ | መካከለኛ | ብዙ | መጻፉ ይከብዳል | ላለቀ ነገር፣ ለዳነ ሕመም፣ ለጡረታ |
| 2. አንድ ሁለት መስመር | ደካማ | በጣም ጥሩ | የምትፈልጉትን ከጻፋችሁበት ጥቂት | በጣም ቀላል | ለፍቺ፣ ለሥራ፣ ለቤት ለውጥ |
| 3. ደብዳቤና የእጅ ማስታወሻ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | አንድ ማታ፣ ትንሽ ገንዘብ | ለአብዛኛው ለውጥ |
| 4. ስልክ፣ ከዚያ ደብዳቤ | በጣም ጥሩ | አያስፈልግም | በስልኩ ላይ ያልቃል | ጊዜና ልብ ይጠይቃል | ለሕመም፣ ለፍቺ፣ ለሐዘን |
| 5. ማቆየት | እስኪነገር ድረስ ይቆያል | ጥሩ | ለጊዜው የለም | የለም | ላልለየለት ነገር፣ ለጅምር እርግዝና |
| 6. በሰው በኩል | እንደ መልእክተኛው | ጥሩ | መልእክተኛው ይመልሳል | ለእናንተ ቀላል | ለከባድ ሕመምና ለትኩስ ሐዘን |

## ለማን የትኛው?

ጊዜም አቅምም ካላችሁ አራተኛውንና ሁለተኛውን አጣምሩ። ለሚያለቅሱት ደውሉ፤ ለቀሩት አንዷን መስመር ጻፉ። እኔ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፤ ለሚጠይቀኝም ሁሉ ይህንኑ እላለሁ።

ማውራት የሚከብዳችሁ፣ ስልክ ላይ ቃል የሚጠፋባችሁ ከሆናችሁ ሦስተኛው ተመራጭ ነው። በጽሑፍ ይበልጥ ራሱን የሚገልጽ ሰው አለ፤ ራሱን ወደ ስልክ መግፋት የለበትም። የምታውቁት አንባቢ ዓይኑ ደካማ ከሆነ ወይም ደብዳቤ የሚነበብለት በሌላ ሰው ከሆነ ግን ለእሱ ብቻ ደውሉ።

ገንዘብ ካጠረ ጠቅላላውን ደብዳቤ በኢሜይል ላኩ፤ ወረቀቱንና ቴምብሩን ለቅርቦቹ ብቻ አስቀሩ። ሕክምና ላይ ወይም ትኩስ ሐዘን ላይ ከሆናችሁ ስድስተኛው፤ ዘንድሮ ደብዳቤው ሙሉ በሙሉ ቢቀርም ማንም አይቀየማችሁም። ከሥራ ለወጣና ሥራ ለሚፈልግ ሁለተኛው ይበቃዋል፤ ብዙ ሰው ጋ መድረሱ እንዲያውም ይጠቅመዋል። አሁን ሥራ ላይ ሆናችሁ ልትለቁ እያሰባችሁ ከሆነ ግን አንድም ቃል አትጻፉ።

መልካም ዜና ላላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እርግዝና ወይም ልደት ስታበስሩ፣ ልጅ ያጣ ወይም ለዓመታት የሞከረ ሰው ስም ዝርዝራችሁ ውስጥ ካለ አስቀድማችሁ በግል ጻፉለት። «ደስ እንደሚልሽም፣ እንደሚከብድሽም አውቃለሁ፤ ለብቻሽ እንድትሰሚው ፈለግሁ» በቂ ነው። በበዓል ቀን ሰው መሃል ፊቱን እንዲያስተካክል አታስገድዱት።

## ወረቀት፣ ኢሜይል ወይስ ግሩፕ?

ለከባድ ወሬ ወረቀት ከሁሉም ይረጋጋል። ጉዳቱ መቼ እንደሚደርስ አለማወቃችሁ ነው፤ አንዱ ሰኞ ይደርሰዋል፣ ሌላው በሳምንቱ። በመሃል እርስ በርስ ይደዋወላሉ። ስለዚህ የስልኩ ሥራ ፖስታው ከመላኩ በፊት ይለቅ።

በኢሜይል ከሆነ አድራሻዎቹን ሁሉ ቢሲሲ ውስጥ፣ ማለትም ተቀባዮች አንዱ የሌላውን አድራሻ የማያዩበት ቦታ ላይ፣ አስገቡ። አለዚያ አንዱ ለሁሉም መልስ ሲሰጥ የእናንተ ፍቺ የ60 ሰው ውይይት ይሆናል። ጂሜይል የተላከን ለመመለስ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 30 ሰከንድ ነው፤ መቼቱን ካልነካችሁት ከዚያም ያነሰ።

ግሩፕ ላይ ትልቅ ለውጥ አትጻፉ። አንዱ ልብ ይልካል፣ አንዱ የሚያለቅስ ፊት ይልካል፣ ሦስተኛው ሳያይ የበዓል ቪዲዮ ይለጥፍበታል። የዋትስአፕ የስርጭት ዝርዝር ይሻላል፤ እስከ 256 ሰው ይይዛል፤ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የተላከለት ሆኖ ይደርሰዋል። ነገር ግን ስልክ ቁጥራችሁን ያልመዘገበ ሰው አይደርሰውም። መልእክትን ከሁሉም ስልክ ማጥፋት ይቻላል፤ ስክሪንሾት የተነሳውን ግን ማንም አያጠፋውም።

## ደብዳቤው አስቀድሞ ከሄደ

ይህን የምታነቡት ከላካችሁ በኋላ ከሆነ አሁንም ጊዜ አለ። ስማቸው የመጀመሪያው ክብ ውስጥ ላለ ሰዎች ዛሬ ደውሉ። ደብዳቤው ደረሰም አልደረሰም ደውሉ። ካልደረሰ ቀደማችሁ። ከደረሰ «በወረቀት ስለሰማህ ይቅርታ፤ መጀመሪያ ለአንተ መንገር ነበረብኝ» በሉ። ለምን እንዳልደወላችሁ አታስረዱ። ማስረዳቱ ይቅርታውን ያጠፋዋል።

እኔ ያን ጊዜ ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት መልሼ ደወልኩ። አክስቴ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች። ይቅርታ አልኳት። «በይ ተዪው፤ አሁን ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት። ስንጨርስ እኩለ ቀን ሆኖ ነበር።